ውሃ የሚጠጣው የመተማ ግቢ

ሞኝነቴን እኔው ልናገር፤ ጎረቤቶቼ ከሚናገሩልኝ ይሻላል። ጎንደር ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ሊሾ ሳፈስ የኖርኩ ግንበኛ ነኝ። በእኛ ሙያ ወለል አለቀ የሚባለው ባለቤቱ አንድ ጣሳ ውሃ ሲደፋበትና ውሃው ሳይሰርግ መስተዋት ላይ እንዳለ ተንሸራቶ ሲሄድ ነው። ያኔ ምርቃት አለ፣ ጠላ አለ። አንዲት ጠብታ ከሰረገች ግን ግንበኛው ለሦስት ቀን ሰፈር ውስጥ አይታይም። እኔም በዚህ ሙያዬ ተኮፍሼ የራሴን ግቢ ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ አደረግሁት። ሣር እንኳን የምትበቅልበት ቀዳዳ አልተውኩም።

ባለቤቴ ይሻሽ ወገቧን ይዛ አየችና፣ "ዝናቡስ በየት ይሂድ?" አለችኝ።

"ዝናቡ የራሱ ጉዳይ ነው" አልኳት።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም የራሱን ጉዳይ አየ። ከጣሪያ የወረደው፣ ከጎረቤት የመጣው፣ ከመንገድ የታጠፈው ሁሉ በዚያ መስተዋት ላይ ተንሸራቶ በሬን ገፍቶ ገባ። ጠዋት ስነሳ ጫማዬ አልጋው ሥር የለም። ጓዳ ድረስ ሄዶ ከድስት ክዳን ጋር ጎን ለጎን ይንሳፈፋል። ጎረቤቶቼ ከዚያ ወዲያ "ደምሴ፣ መርከቧን መቼ ነው የምትጀምራት?" ሳይሉኝ አያልፉም።

መሥሪያ ቤታችን ይህን አልሰማም፤ ወይ ደግሞ ሰምቶ ነው። በዓመቱ ግንቦት ላይ ጠርተው ወደ መተማ የሚያስኬድ ደብዳቤ ሰጡኝ። የገበሬ ማህበር የዘር መጋዘን አለ፣ ግቢው ብሎኬት ይነጠፍበት፣ ክረምት ሳይገባ ይለቅ ይላል። ስለ እኔ ደግሞ "ውሃን በመከላከል ረገድ በቂ ልምድ ያለው" ተብሎ ተጽፏል። ልምዱ እንኳን ነበረኝ። ጫማዬ ገና አልደረቀም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን። ሲሚንቶ በጫነ ኤንትሬ መኪና ላይ፣ ከጆንያዎቹ በላይ ተቀምጬ ወጣሁ። አዘዞን አልፈን ጭልጋ ድረስ ብርዱ ብርድ ነው፤ ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ኋላ የሚቀሩትን ዳገቶች እያየሁ ሄድኩ። አይከል ላይ ምሳ በላን፤ ሽሮው የእኛው ሽሮ፣ እንጀራው የእኛው እንጀራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ መውረድ ጀመረ። ሲወርድ ሲወርድ አገሩ እንደ ምድጃ አፍ እየሞቀ ሄደ። ጋቢውን አወለቅሁ፣ ኮቱን አወለቅሁ፣ ሹራቡን አወለቅሁ። ከዚያ በላይ ማውለቅ ነውር ሆነብኝ። እንቅልፍና ሙቀት ተጋግዘው ይዘውኝ፣ ሽመሉና ግራሩ በዓይኔ ላይ እንደ ህልም ያልፋሉ። የቱን እንዳየሁት፣ የቱን እንዳለምኩት እስከ ዛሬ አልለየሁም። ከሩቅ መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቶ አያለሁ፤ ስንደርስ የለም። ቆይቶ ደግሞ ወደፊት ተኝቷል።

ነጋዴ ባሕር አካባቢ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ "ውረድ እንጂ፣ ጓድ ባለሙያ!" ሲለኝ ልነሳ ብል እግሬ አልታጠፍ አለኝ። ላቤ ከሲሚንቶው ብናኝ ጋር ተላቁጦ ሱሪዬ ላይ ደርቋል። ሹፌሩ ዞሮ አየኝና ጎማውን ትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እስኪበቃው ሳቀ። "እንዲህ ያለ ሐውልት ጎንደር እንኳን የለም" አለ። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያለ መትቶ አላቀቀኝ። ያን ቀን አዳራችን እዚያው በአንድ ሻይ ቤት ደጅ ላይ ሆነ። ሱሪዬ አጠገቤ ብቻውን ቆሞ አደረ።

ሁለተኛው ቀን። በየኬላው የይለፍ ወረቀት እያሳየን ገንዳ ውሃ ገባን። ሰሊጥ የሚጭኑ መኪናዎች፣ አቧራ፣ ከሩቅ የሚሰማ የትራክተር ድምፅ። ወይካ የሚሉትን፣ ከደረቅ ባሚያ የሚሠራ ወጥ በማሽላ እንጀራ አቀረቡልኝ። በእጄ ላነሳው ስል ተስቦ ተስቦ ክንዴ ድረስ መጣ። በእኛ አገር ወጥ በጉርሻ ይታዘዛል፤ ይኸኛው ግን ራሱ ነው ሰውየውን የሚጎትት። ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ለመድኩት፣ ከአምስተኛው በኋላ ወደድኩት። ከሰዓት መተማ ደረስን።

ያረፍኩት ወይዘሮ ሙላት ዘንድ ነው። አባታቸው ከደጋ ወርደው ሰሊጥ ያቀኑ፣ እሳቸው እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ ምላሳቸው የማይተኛ ሴት ናቸው። ደጃቸው ላይ አንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋ ዘርግተው፣ ቀይ የከርከዴ ሻይ በብርጭቆ ሰጡኝና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ውሃ ሊያቆሙ የመጡት መሐንዲስ አንቱ ነዎት?"

"መሐንዲስ አይደለሁም እትዬ። ግንበኛ ነኝ።"

"ደግ ነው። ባለፈው ዓመት መሐንዲስ መጥቶ ነበር፤ ውሃው አላከበረውም።"

ሦስተኛው ቀን። መጋዘኑን አየሁ። ከገበያው ዝቅ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ ቤት ነው። ግቢው ወደ በሩ ያዘነብላል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ሆኖ፣ በበጋው ተሰነጣጥቆ ክንዴን እስከ ብብቴ የሚውጥ ስንጥቅ አለው። ከግቢው በስተጎን ኾር ይሉታል፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚፈስ ደረቅ ወንዝ አለ። መጋዘን ጠባቂው አቶ ፈንቴ ናቸው፤ ስድሳ የሞላቸው፣ ቀጭን፣ ስናወራ ዓይናቸው ሰማይ ላይ የሚሆን ሰው።

"ምን ያያሉ አያ ፈንቴ? ደመና እንኳን የለም" አልኳቸው።

"ስለሌለ ነው የማየው። ሲመጣማ ምን ጊዜ አለኝ?"

ታሪካቸውን የነገሩኝ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው። አምና የመጀመሪያው ዝናብ በበሩ ገባ። የማሽላው ዘር ጆንያ ውስጥ በቀለ፤ ጠዋት ሲከፍቱ ጆንያው ሁሉ ጢም አውጥቷል። ከበላይ የመጡ ጓዶች ጢሙን አዩና "አሻጥር ነው" አሉ። እሳቸውም አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ዘንድሮ ዘሩ ለገበሬው ሳይከፋፈል ውሃ ቢነካው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ መጠየቅ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

"ዝናቡን እኔ የጠራሁት መሰላቸው" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ዝናብ መጥራት ብችል ማሳዬ ላይ አልጠራውም?"

ደረቴን ነፋሁ። "አያ ፈንቴ፣ ለእኔ ይተዉት። አንዲት ጠብታ የማታሳልፍ ግቢ ነው የምሠራልዎ።" ስለ ጫማዬ አልነገርኳቸውም።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሥራ ሆነ። ቢያድግልኝ የሚባል ከጎጃም ለአረም ሥራ የወረደ ጎልማሳ ረዳኝ። አረሙ ገና ስለሆነ ብሎኬት ይሻላል ብሎ ነው። ጠፍጣፋ ብሎኬት በእንጨት ፎርማ እናወጣለን፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን ውሃ እናጠጣዋለን። ጎንደር ብሎኬት ሦስት ቀን ውሃ ካጠጡት ይበቃዋል። እዚህ በቀን ሦስት ጊዜ እየለመነ ይጠጣል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሰውም፣ አህያም፣ ዝንብም ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። እኔ በጥላው ተጋድሜ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሳይ፣ ጣሪያው በሙቀቱ ውስጥ እንደ ጨርቅ ይውለበለባል። ዓይኔን ስጨፍን ጎንደር ነኝ፤ ስገልጥ መተማ ነኝ። አንዳንዴ ሁለቱም ቦታ እሆናለሁ።

አሁን ሁለተኛውን ሞኝነቴን ስሙ። እሑድ ዕለት፣ በሰባተኛው ቀን፣ ሥራ ፈትቼ ወይዘሮ ሙላት ደጅ ተቀምጫለሁ። ዚር የሚሉት፣ ከሱዳን የሚመጣ ትልቅ የውሃ ጋን አላቸው፤ በሦስት እግር እንጨት ላይ ተቀምጧል። ሸክላው ውጪው ሁሉ ረጥቧል፣ ከሥሩ በተቀመጠ ጎድጓዳ ሣህን ጠብ ጠብ ይላል። አሳዘነኝ። እንግዳ ተቀባይ ሴት፣ ቀዳዳ ጋን! እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የተረፈ ሲሚንቶ አለ፣ እጄም ሥራ ፈትቷል። ዚሩን ከአንገት እስከ እግሩ አሳምሬ ለሰንኩት። የግንበኛ ልስን አይታችኋል? እንቁላል አስመሰልኩት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ወይዘሮ ሙላት አንድ ጣሳ ቀድተው ጠጡና ጣሳውን ወደ እኔ ዘረጉት። ጠጣሁ። ውሃው የገላ መታጠቢያ ሆኗል።

"ማነው ጋኔን ያነቀው?" አሉ።

"እኔ ነኝ እትዬ። ያፈስ ነበር።"

"ያፈስ ነበር!" ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ መቱ። "አንቱ ሰው፣ ዚር የሚቀዘቅዘው በማልቀሱ ነው። ትንሽ እየለቀቀ ነው የሚኖረው። የማያለቅስ ጋንማ ምን ጋን ነው? ድስት ነው!" ከዚያ ንዴቱ ተዋቸውና መሳቅ ጀመሩ። ጎረቤት ጠርተው፣ ጎረቤት ሌላ ጎረቤት ጠርቶ፣ የመተማ ሴቶች ተሰልፈው የጎንደሬውን እንቁላል አዩ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ ምን መሄጃ አለኝ? ማታ እራት ሲያቀርቡልኝ ግን የሥጋውን ክምር ከወትሮው ጨምረውልኝ ነበር። "የሚያዝን ልብ ያለው ሰው ነው፤ ጭንቅላቱ ነው እንጂ" ብለዋል አሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የግቢውን እኩሌታ ጨረስኩ። ብሎኬቱን አጠጋግቼ፣ በመካከሉ ሲሚንቶ ሞልቼ፣ ምላጭ የማያስገባ አድርጌ ነው። እንደ ሙያችን ወግ አንድ ጣሳ ውሃ አስመጣሁና ደፋሁ። ውሃው ተንሸራተተ። የሚያምር ነው! እየተንሸራተተ፣ እያብረቀረቀ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ የመጋዘኑ በር ሥር ገባ።

አያ ፈንቴ ሰማዩን አዩ።

"በሩ ላይ ትንሽ ግድግዳ እናወጣለታለን" አልኩ።

ሰማዩ ለግድግዳው ጊዜ አልሰጠንም። በማግስቱ ከሰዓት፣ በሱዳን በኩል ቀይ አቧራ እንደ መጋረጃ ተነሳ፤ ከኋላው ጥቁር ነገር መጣ። የክረምቱ ሳይሆን ቀድሞ የመጣ፣ መንገድ የሳተ ዝናብ ነው። ባልተነጠፈው በኩል የወረደው ወደ ስንጥቁ ገብቶ ጠፋ። በእኔው በኩል የወረደው ሁሉ ተሰብስቦ፣ እንደ አምናው ጫማዬ፣ መንገዱን ይዞ ወደ በሩ ሮጠ። ከቢያድግልኝ ጋር አፈር በአካፋ ብናቀርብ ይዞት ይሄዳል። ዘወር ስል አያ ፈንቴ ነጠላቸውን ጠቅልለው በሩ ሥር ጠቀጠቁት፤ አልበቃ ሲል ራሳቸው የበሩ ደፍ ላይ በጎናቸው ተጋደሙ። ውሃው ጀርባቸውን እየመታ ይመለሳል።

"አያ ፈንቴ፣ ይነሱ! ይታመማሉ!"

"አልነሳም! እኔ ብረጥብ ፀሐይ ያደርቀኛል። ዘሩ ቢረጥብ እኔን ማን ያደርቀኛል?"

ዝናቡ ሩብ ሰዓት ያህል ዘንቦ ቆመ። ከፊት ያሉት ሁለት ጆንያዎች ብቻ እግራቸው ረጥቦ ነበር፤ ወዲያው ሸራ ላይ ዘርግተን በፀሐይ አደረቅናቸው። አያ ፈንቴን ወይዘሮ ሙላት ደረቅ ልብስ አልብሰው ሻይ አጠጧቸው። እኔን ማንም አልሰደበኝም። ከስድቡ እሱ ባሰብኝ።

እዚያው ደጅ አንገረቡ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ አየሩ ወርቅማ ሆኖ የረጠበው አፈር ይሸታል። ወይዘሮ ሙላት ከጎረቤት የተዋሱት ሌላ ዚር ፊቴ ነው። ጠብ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ጠብ ይላል። እኔ ሳላውቀው ቁጭ እንዳልኩ ሸለብ አደረገኝና ግቢው ሁሉ ትልቅ ዚር ሆኖ ታየኝ። ዝናቡ በላዩ ይወርዳል፣ ግቢው ያልበዋል፣ ከሥሩ ሣህን ተቀምጧል። ስነቃ አፌ ላይ የነበረው ቃል "ሣህኑ የት ነው?" የሚል ነው።

"የምን ሣህን?" አለ ቢያድግልኝ። እሱም ሻይ እየጠጣ ነበር።

"ግቢው እንዲያፈስ ብናደርገውስ? ብሎኬቱን አራርቀን ውሃውን በመካከሉ ብናስገባው? ግን ሥሩ ዋልካ ነው። ዋልካ አንዴ ከጠጣ አፉን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል?"

ቢያድግልኝ ብርጭቆውን አስቀመጠና እንደ ሞኝ አየኝ፤ ልክ ነበር። "ጋሼ፣ እኛ አገርም ማሳው ዋልካ ነው። ውሃ እንዳይተኛበት ፈሰስ እናወጣለን። በማረሻ ቦይ ቀድደህ፣ አግድም ወደ ወንዙ መሸኘት ነው። ይህቺን ደግሞ ከብሎኬቱ ሥር አድርጋት። ሣህንህ ኾሩ ነው።"

ሃያ ዓመት ውሃን ስከላከል ኖሬ፣ አንድ ገበሬ ከነሻዩ ሸኘው አለኝ።

አያ ፈንቴን ለማሳመን ግን ፈራሁ። ጠዋት ሄጄ ስለ ጎንደሩ ጫማዬ፣ ስለ ድስት ክዳኑ፣ ስለ መርከቧ ሁሉንም ነገርኳቸው። "እስከ አሁን የሠራሁት ስህተት ነው። ላፍርሰው። ክረምቱ ግን ሁለት ሳምንት ቢሰጠን ነው፤ ካልጨረስኩት በሩ ፊት ጉድጓድ ሆኖ ያገኘናል" አልኳቸው።

"አምና የመጣው መሐንዲስ ተሳስቻለሁ አላለም ነበር" አሉ። ተነስተው ዶማውን ራሳቸው አመጡ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ቀን በቀን አይታወሰኝም፤ እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት ነው። ብሎኬቱን ነቀልን። አፈሩን ክንድ ያህል ቆፈርን፤ ሥሩን ከመጋዘኑ አርቀን ወደ ጎን፣ ወደ ኾሩ አዘነበልነው። ከኾሩ ሙልሙል ድንጋይ በአህያ አመጣን። ትልልቁን ከታች፣ ጠጠሩን ከላይ ደለደልን፤ እስከ ኾሩም በድንጋይ የተሞላ ፈሰስ አወጣን። ብሎኬቱን ጣት በሚያስገባ ክፍተት ደረደርነውና ክፍተቱን በደቃቅ ጠጠር ሞላነው። ሲነቀሉ ለተሰበሩት ምትክ አዲስ ስሠራ አሸዋውን ተውኩት፤ ጠጠርና ሲሚንቶ ብቻ። ሲደርቅ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነ። ጎንደር ያለ ግንበኛ ቢያየው ሙያ ትቼ ያበድኩ ይመስለዋል። እኔም ራሴ እያየሁት አፍር ነበር። አልለመድኩትም፤ ቀዳዳ እንዲኖረው ብዬ መሥራት ማለት ለእኔ ሱሪ ቀዶ እንደ መስፋት ነው።

ወይዘሮ ሙላት ምሳ ይዘው ሲመጡ ግቢውን ዞሩና፣ "አሁን ጋን መሰለ" አሉ። የለሰንኩትን ዚር አልጣሉትም፤ እህል ከተውበታል። "አይጥ አይገባበትም፣ ለዚህስ ሙያ አለው" ብለዋል።

የመጨረሻውን ብሎኬት ባስቀመጥን በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ላይ፣ ክረምቱ መጣ። ይኸኛው መንገድ የሳተ አይደለም፤ አገሩን የሚያውቅ ዝናብ ነው። መጋዘኑ በር ላይ ሦስታችን ቆምን። አያ ፈንቴ ነጠላቸውን ጠቅልለው በእጃቸው ይዘዋል፤ ለማንኛውም ብለው። ዝናቡ ግቢው ላይ ወረደ። መጀመሪያ ብሎኬቱ ጠቆረ። ከዚያ እኔ የማውቀው ያ የሚያብረቀርቅ ነገር፣ ያ ተንሸራታች፣ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ይዘንባል፣ ግን ውሃ የለም። ጠብታው ይመታል፣ ይጠፋል። በጣሪያው ጩኸት መካከል አንድ ሌላ ድምፅ ከእግራችን ሥር ሰማሁ፤ ከመንገድ የመጣ ሰው ከቅል ውሃ ሲጠጣ እንደሚያሰማው ያለ፣ ጉርጉር የሚል፣ የጠገበ ድምፅ።

አያ ፈንቴ ተንበረከኩ። ዝናቡ ራሳቸው ላይ እየወረደ ጆሯቸውን ብሎኬቱ ላይ አደረጉ። ቢያድግልኝ ወደ ኾሩ ሮጦ፣ "ወጣች! ጥርት ብላ ወጣች!" ብሎ ከዚያ ጮኸ። ነጠላው ከአያ ፈንቴ እጅ መቼ እንደወደቀ አላየሁም። በሩ ሥር ያለው አፈር እስከ መጨረሻው ዱቄት እንደሆነ ነበር።

በማግስቱ ሰው ግቢው ሲጠጣ ለማየት በዝናብ እየመጣ ቆሞ ያይ ጀመር። መተማ ላይ ሌላው ቦታ ሁሉ ዋልካ ነው፤ ሰው ሲራመድ ጭቃው ከሥሩ እየተጣበቀ ቁመቱ ይጨምራል። እኔም ለመሰናበት ወይዘሮ ሙላት ዘንድ ስደርስ በሕይወቴ ረዝሜ የማላውቀውን ያህል ረዝሜ ነበር። "ሲመጡ አጭር ነበሩ" አሉኝ። ቋንጣ ቋጠሩልኝ። መመለሻው ሁለት ቀን የነበረው አምስት ቀን ፈጀ፤ መኪናው በየጭቃው ይተኛል፣ እኛ እንገፋለን፣ ቋንጣው እያለቀ ይሄዳል። ጭልጋ ላይ ብርዱ ሲቀበለኝ ጋቢዬን ፈለግሁ፤ ስወርድ ያወለቅሁት እዚያው የቀረ ይመስለኛል።

ቤቴ እንደደረስኩ ለይሻሽ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ጨረሰችና መዶሻውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

መስከረም ላይ አያ ፈንቴ ለጉዳይ ጎንደር መጥተው እቤቴ ጎራ አሉ። ትንሽ ወፍረዋል። ዘሩ ደረቅ እንደሆነ ተከፋፈለ፣ ያ የፈረሙት ወረቀትም ተቀደደ አሉኝ። በግማሽ የፈረሰውን ሊሾዬን እያዩ ሻይ ጠጡ። ውጪ የመስከረም ካፊያ ጀመረ፤ ብድግ ሲሉ አየኋቸው።

"ምነው አያ ፈንቴ፣ አሁንም ዝናቡን ይፈራሉ?"

"ኧረ አልፈራም" አሉ፣ ወደ ደጅ እየወጡ። "ግን ዘነበ ሲሉኝ መጋዘኑ ውስጥ መቀመጥ አልችልም። ግቢው ሲጠጣ ካልሰማሁ የጠማኝ እኔ ይመስለኛል።"